ሱፍ፣ ተልባና ጓያ፦ የጾም ገበታችን ሌላ ታሪክ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም አንባቢውን ያንጫጫው አንድ ወሬ ነበር፤ በሕይወት ካለች ላም ላይ ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ። ገሚሱ ቀጣፊ አለው። ገሚሱ አመነውና ኢትዮጵያን የጥሬ ሥጋ አገር አድርጎ ያዛት። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ እኛም ብንሆን ቁርጥ ቤት በር ላይ ስንኮራበት እንውላለን። ከብሩስ የጎንደር ዘመን በፊትም ሆነ በኋላ ግን የደጋው ክርስቲያን የዓመቱን እኩሌታ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይቀምስ ያሳልፍ ነበር። ይህኛው ወሬ ማንንም አላጓጓም። ስለ ምስር ማን ይጽፋል?

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ዋሽንግተን ውስጥ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤት ጎራ የሚል ፈረንጅ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የጾም በያይነቱን ነው። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ምሳ ላይ የሚደረደረው የጾም ቡፌም ሥጋ የማይበሉ እንግዶችን መሳብ ከጀመረ ቆይቷል። አገር ውስጥም ስኳሩ የጨመረበት፣ ደም ግፊቱ አልወርድ ያለው፣ ውፍረት ያስቸገረው ሰው «እስቲ ጾም ጾም ልብላ» ሲል ይሰማል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ከአንድ የተሳሳተ ግምት ይነሳል፤ ሥጋው ከገበታው ከተነሳ ጤናው በራሱ ይመጣል ከሚል። የአያቶቻችን የጾም ገበታ ሰውነት የሚጠግን ከነበረ፣ የጠገነው ጥሬው እሳት ላይ ከመጣዱ በፊት በሚደረግለት ሥራ ነው፦ በመንከር፣ በማብቀል፣ በማመስ፣ በመውቀጥ፣ በማብላላት።

በመጀመሪያ ግን ጾም የጤና ነገር አልነበረም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ የሚያስበው ስለ ነፍስ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም አለ፤ የነነዌ፣ የሐዋርያት፣ የነቢያት፣ የፍልሰታና የገሃድ ጾም አለ። ሲደመር ለምእመኑ ወደ 180 ቀን፣ ለካህኑና ለመነኩሴው እስከ 250 ቀን ይደርሳል። ዓላማው ሥጋን ማድከም ነበር፤ ደግሞም ያደክም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገሩን የዞረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐቢይ ጾሙን ጥብቀት ሲገልጽ የብዙው ሰው ምግብ እንጀራና ውሃ መሆኑን፣ እህል ሳይቀምሱ በቅጠል ብቻ የሚከርሙ መነኮሳት መኖራቸውን ጽፏል። የዘይላው አሚር ማሕፉዝ ዘመቻውን ለዓመታት በጾሙ ወራት ያደርግ የነበረው ሰዉ በጾም ተዳክሞ ስለሚያገኘው እንደሆነም ይነግረናል። የጾም ምግብ ብርታት ይሰጣል ለሚል ሰው ይህ ምስክርነት የሚመች አይደለም።

በዋልድባ እስከ ዛሬ ያለው ሥርዓት የዚሁ መንገድ ጫፍ ነው። ገዳሙ እህል አያስገባም፤ መነኮሳቱ ከሙዝና ከሥራ ሥር በሚዘጋጀው ቋርፍ ይኖራሉ። ማንም ዋልድባ ለክብደት ቅነሳ አይሄድም።

አልቫሬዝ ያየው የጾም ማዕድ የዛሬውን አይመስልም። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፤ እሱ በኖረበት ዘመን ቀይ ወጥ በእኛ ጓዳ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ቲማቲሙና በቆሎውም እንዲሁ ከባሕር ማዶ ናቸው። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ትግራይ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የኖረው ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። እንግዲህ «የጥንት የአባቶቻችን» ብለን ከምናቀርበው በያይነቱ ላይ ቀዩን ምስር፣ ድንቹንና ቲማቲሙን ብናነሳ የሚቀረው ምንድን ነው? ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያ፤ ጎመን፤ ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ፤ ለማቃጠል ደግሞ ሰናፍጭ፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና ቁንዶ በርበሬ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገሪቱን ተዘዋውሮ ዘር ሲሰበስብ ያስደነቀው የዚህ ሁሉ ዓይነቱ መብዛት ነበር፤ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መፍለቂያ ማእከሎች አንዷ አድርጎ የመዘገባትም በዚሁ ነው።

እነዚህ ጥሬዎች ታዲያ እንዲሁ ወደ አፍ የሚገቡ አይደሉም። ተልባን ውሰዱ። ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ እንደ ገባ ይወጣል፤ ጠቃሚ ቅባቱ ለማንም ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ይታመሳል፣ ይደቃል፣ በውሃ ይበጠበጣል፤ ያን ጊዜ ያ የሆድ ድርቀት መድኃኒት የሆነው ዝልግልጉ ነገር ይገኛል። የሱፍም ልፋት አያልቅም። ይታጠባል፣ ለብ ለብ ይደረጋል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይታሻል፣ ይጠልላል። ገለባው ይጣልና ነጩ ውሃ ይቀራል፤ ቃሪያና ሽንኩርት ተከትፎበት እንጀራ ይፈተፈትበታል። ይህ ወተት ለሌለበት ወራት ወተት ነው። ቅባት ሲፈለግ ቅባቱ ከነፍሬው ይገባል እንጂ ከጠርሙስ አይንቆረቆርም ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ስልጆ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ ይቀዘቅዝና ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ገብቶበት ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል። ሲደርስ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ጾሙን ያሻግር የነበረ ወጥ ነው፤ በከተማ ቤቶች ግን ስሙን ብቻ የሚያውቁት እየበዙ ነው። ቦቆልትም አለ፦ ባቄላው ሌሊት ተነክሮ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅሎ ጭራ ሲያወጣ ይቀቀላል።

ስለ መንከርና ማብቀል የዛሬ የሥነ ምግብ ሰዎች የሚሉት እናቶች በእጃቸው ያውቁት ከነበረው ጋር ይገጥማል። እህልና ጥራጥሬ ፋይቴት የሚባል ውህድ አላቸው፤ ብረቱንና ዚንኩን አንቆ ይይዛል፤ ሰውነት በልቶ እንዳልበላ ይሆናል። ሲነከር፣ ሲበቅልና ሲብላላ ይህ ማነቆ ይላላል። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን የሚተኛው፣ ከዚያም አብሲት የሚጣልበት ለጣዕም ብቻ አይደለም። በችኮላ በአንድ ሌሊት ተቦክቶ፣ ሩዝ ተቀላቅሎበት ለገበያ የሚወጣው እንጀራ መልኩ ቢያምርም ያንን ሥራ አልሠራም።

የማዘጋጀት ነገር ሕይወትና ሽባነት መሆኑን ግን እንደ ጓያ ያስተማረን የለም። ጓያ ድርቅ አይበግረውም፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይቆማል። ስለዚህ የክፉ ቀን እህል ነው። ውስጡ ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ለሳምንታት ዋነኛ ምግብ ሲሆን እግር ይሰንፋል፣ ጉልበት ይታሰራል፣ ሽባነቱ አይመለስም። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ወጣት ወንዶች ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በሽታው በሰሜን ምዕራብ ገጠር ምን ያህል እንደ ተስፋፋ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በወሎ ደላንታ ላይ ብዙ ሰው ወደቀ። በዚያ የተደረገው ጥናት ካወጣው ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ይህ ነው፦ የጓያን እሸት፣ ቆሎና ንፍሮ የበሉት ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆኑ፣ አብላልተው እንጀራ ያደረጉት፣ ከሌላ እህል ጋር የቀላቀሉት፣ በሽንኩርትና በዝንጅብል ሽሮ አድርገው የበሉት የተሻለ ተርፈዋል። እህሉ አንድ ነው፤ እርሻውም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጓዳው ነው።

«ጥሬ ሁሉ ጤና ነው» የሚለውን ሐሳብ በዚህ ዓይን ማየት ይገባል። ሐሳቡ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ዙሪክ ውስጥ ዶክተር ማክሲሚሊያን ቢርቸር-ቤነር እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ያልበሰለ ፍራፍሬና አትክልት ታማሚን ያድናል ብሎ ሲነሳ የሙያ ጓደኞቹ ተሳለቁበት። እሱ ግን በ1904 የራሱን ማገገሚያ ከፈተ፤ ሌሊት የተነከረ አጃ፣ የተፈገፈገ ፖም፣ ሎሚና ለውዝ ቀላቅሎ ይሰጥ ነበር። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ ሙዝሊ ተብሎ የሚሸጠው የዚያ ልጅ ነው። ማስረጃው ደካማ ነበር፤ የፀሐይ ጉልበት በቅጠሉ ውስጥ ተጠራቅሟል ይል ነበር። ነገር ግን ቫይታሚን ገና ስም ሳይወጣለት ሥጋና ነጭ ዳቦ ብቻ ለሚበላ ሀብታም አውሮፓዊ ፖም ማዘዙ ትክክል ነበር። ለዚያ ሰው የጎደለው እሱ ነበርና።

በእኛ ከተሞች የጎደለው ሌላ ነው፤ ንጹሕ ውሃ። ጎመኑ የሚቀቀለው፣ ቆስጣው ለብ ለብ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአቃቂ ወንዝ ዳር በተበከለ ውሃ የሚለማ ሰላጣ በሎሚና በዘይት ተለውሶ ሲቀርብ ታይፎይድና አሜባም አብረው ይቀርባሉ። በደንብ ታጥቦ፣ ምንጩ ታውቆ ከሆነ ካሮቱም ቲማቲሙም ይበላ፤ ማን ከለከለ።

ሌላም የተክል ገበታ ወደዚህ አገር መጥቶ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት የሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ላይ የሰፈሩት ራስተፈሪያውያን ኢታል የሚሉትን ይበላሉ፤ ሥጋ የለበትም፣ ብዙዎቹም ጨው አይጨምሩበትም። እነሱ ከጃማይካ ይህን ይዘው ሲመጡ ጎረቤታቸው ያለው አበሻ የዓመቱን እኩሌታ በሽሮ ይኖር ነበር። ሁለቱ ማዕዶች ብዙም ሳይተዋወቁ መኖራቸው ይገርመኛል።

የኛው ገበታም በዚህ መሃል ተቀይሯል። የተቀየረው በዘይት ነው። ኑግ በግመል ይጨመቅ በነበረበት ዘመን ዘይት በማንኪያ የሚለካ ነገር ነበር። ዛሬ ቀይ ሽንኩርቱ ገና ሲቁላላ ዘይቱ ድስቱን ያጥለቀልቃል። ባለፉት አሥርት ዓመታት ከውጭ በብዛት ገብቶ በተመን ሲከፋፈል የኖረው የፓልም ዘይት ደግሞ እኩሌታው የሚረጋ ቅባት ነው፤ ቅቤን ሸሽቶ የጾመ ሰው ወደ ቅቤ የቀረበ ነገር እየበላ ነው። ሳንቡሳው፣ ቦንቦሊኖው፣ የድንች ጥብሱና በነጭ ዱቄት የሚሠራው ፓስታ ሁሉም «ጾም» ናቸው። ቄሱ ይፈቅዷቸዋል፤ ሐኪሙ ግን ላይፈቅድ ይችላል።

ገበታ ሲቀየር ምን እንደሚመጣ ከእስራኤል በላይ ፈጥኖ የታየበት ቦታ ያለ አይመስለኝም። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ኦፕሬሽን ሙሴ በተባለው የአየር ማጓጓዝ ዘመቻ ዘመን ወደዚያ የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን በጤፍ፣ በማሽላና በጥራጥሬ ያደጉ ናቸው። ከገቡ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ሐኪሞች የስኳር በሽታ በመካከላቸው በፍጥነት ሲጨምር አዩ፤ ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጭ መጠጡና እግር የማያደክመው ኑሮ አንድ ላይ መጡባቸው። ወደ ቤሩትና ወደ ሪያድ ለቤት ሥራ የሚሄዱት እህቶቻችን በሻንጣቸው ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ የሚይዙት በናፍቆት ብቻ አይደለም እላለሁ።

የተክል ገበታ የማይሞላው ነገርም አለ። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ውጤት እንጂ ከእህልም ከቅጠልም በበቂ አይገኝም። የጥንቱ ጿሚ በፋሲካና በየፍስኩ ሰሞን ወተትና ሥጋ ላይ ይመለስ ስለነበር ጉድለቱ ሳይታወቅ ይካካስለት ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ተክል ብቻ ልብላ የሚል ሰው ግን ቢ12ን በእንክብል ወይም በተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት። ሕፃን፣ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ከጾሙ ነፃ የሚደረጉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ እናቶች ግን ነፃነቱን አይጠቀሙበትም።

የድሮውን ጓዳ ሳመሰግን ወገባቸው የጎበጠውን አልረሳም። መጅና ወፍጮው፣ ሙቀጫው፣ ሌሊት ተነስቶ መፍጨቱ የሴቶች ዕዳ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ሲመጣ ሙያው ሳይሆን ጭነቱ መቅለሉ ደግ ሆነ። አሁን ደግሞ የሱፍ ነገር ለወንዱም ሰበብ የሚያሳጣ ሆኗል። ሱፉን አጥቦ ለብ ለብ አድርጎ ጁስ መፍጫ ውስጥ ከውሃ ጋር መጨመር፣ በነጠላ ጨርቅ ማጥለል፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ጨው ጣል ማድረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ባቄላውንም ማታ ነክሮ መተኛት ድካም የለውም፤ በሦስተኛው ቀን ቦቆልት ይሆናል። ቦሎቄን ግን ጥሬውን አትሞክሩት፤ ሌሊት ተነክሮ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በኃይል ሳይፈላ ለሆድ አደገኛ ነው።