ከስታራቼ ካሚዮን እስከ ሃይብሪድ

አንድ የጎንደር ወዳጄ ሁለቱን ባጃጆቹን ሸጦ ያገለገለ ሃይብሪድ መኪና ሊገዛ አሰበና «ምን ትላለህ?» አለኝ። መካኒክ አይደለሁምና ታሪክ ነገርኩት።

ጎንደር መኪናን በብዛት ያየችው በክፉ ቀን ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. አኪሌ ስታራቼ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሚዮኖች አሰልፎ ከሰቲት ተነሣ፤ መንገድ እየጠረገ መጋቢት 23 ከተማዋ ገባ። ከዚያ ጣሊያኖቹ ፒያሳን ሠሩ፣ በወልከፊት ገደል በኩል ወደ አስመራ የሚወስደውን ጠመዝማዛ መንገድም አወጡ። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል! ታዲያ ምን ያደርጋል? በ1933 ዓ.ም. ምጽዋ በእንግሊዞች እጅ ወደቀች። መስከረም 1934 ወልከፊት እጁን ሰጠ፤ ኅዳር 18 ደግሞ ጄኔራል ናሲ ራሱ ጎንደር ላይ እጅ ሰጠ። መንገዱ ነበር፣ ወደቡ ግን አልነበረም።

ዛሬም የጎንደር መኪና የሩቅ ወደብ ጥገኛ ነው። ቤንዚኑ በዋናነት ከጅቡቲ ተነሥቶ ስንት አገር አቋርጦ ይመጣል። መንገድ ሲዘጋ ማደያው ይደርቃል፣ ቤንዚን በሃይላንድ መሸጥ ይጀምራል።

ሃይብሪድ የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲያወጣ፣ ፍሬን ሲያዝ በከንቱ የሚጠፋውን ጉልበት ባትሪ ውስጥ የሚያጠራቅም መኪና አመጣ። ከፒያሳ አዘዞ እየቆመ እየተነሣ ለሚሠራ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነውና የቤንዚን ሞተር ይደክማል፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ከፍታ አያደክመውም።

ግን ሊማሊሞን ሲወርዱ ባትሪው ገና በመንገድ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን የሚይዙት ሞተሩና ተራው ፍሬን ናቸው። የፕሪየስ ሆድ ደግሞ ለኮረኮንች አልተሠራም። የባትሪው ማቀዝቀዣ አቧራ ሲውጥ ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። መቀየር ደግሞ ኪስ ያራቁታል። በዚያ ላይ ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ አስታውቋል፤ ስለዚህ ሃይብሪድ ፈላጊው በዋናነት የሚያማርጠው ቀድመው ከገቡት፣ እያረጁ ካሉት ነው። «ታዲያ ሙሉ የኤሌክትሪክ ልግዛ?» አለኝ። መብራት በጠፋ ቀን ደባርቅ ላይ ምን ሊሠራ?

ለከተማ ሥራ ከሆነ፣ ባትሪውን በመመርመሪያ መሣሪያ አስፈትሾ ይግዛ ባይ ነኝ፤ ለደባርቅ መንገድ ከሆነ ይቅርበት። አንዱን ባጃጅ ሸጧል። ሁለተኛው ግን ዛሬም ጠዋት ማራኪ ተሳፋሪ ሲጭን አይቼዋለሁ።