በልብ ውስጥ ስለሚቀር ብረት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል የአገራችን ሰው፡፡ ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጉሙ በእውነት የገባኝ ግን በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ አጠገብ በሚገኘው በትየርኪዲ የስደተኞች ሰፈር ነው፡፡ በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ከሞት ላመለጡት ሰዎች ይህ ሰፈር በዚያው ዓመት ተከፈተ፡፡ በዚያም ጥይት በሥጋው ውስጥ የቀረበት አንድ የኑዌር ወጣት «ብረት ልቡ ውስጥ የገባበት ሰው ሊኖር ይችላልን?» ሲል ጠየቀኝ፡፡

እኔም ከታሪክ ጀምሬ መለስሁለት፡፡ በቀድሞ ዘመን ልቡ የቆሰለ ሰው እንደ ሞተ ይቈጠር ነበር፤ ሐኪምም ልብን በመርፌ ለመንካት አይደፍርም ነበር፡፡ ይህን አሳብ የለወጠው ዓመት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ 1888 ዓ.ም. ነው፡፡ በጥቅምት ወር ራንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፣ ሥጋን አልፎ አጥንትንና ብረትን የሚያሳየውን፣ ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር አገኘ፡፡ በየካቲት 23 ቀን አባቶቻችን በዓድዋ ድል አደረጉ፡፡ ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ አልቫሮ የሚባል የኢጣልያ የጦር ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ጦርነት ቆስለው በተመለሱ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በኔፕልስ ከተማ በራጅ አየ፡፡ በጳጉሜን 5 ቀን፣ ማለት በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሉድቪግ ሬን የተባለው ሐኪም በፍራንክፈርት ከተማ በካራ የተወጋውን የአንድ ወጣት ልብ በሐር ክር ሰፋው፤ ወጣቱም ዳነ፡፡

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሃርከን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በእንግሊዝ አገር ሆኖ፣ በልብና በዙሪያው ካሉት ትላልቅ የደም ሥሮች አካባቢ 134 የጥይትና የቦምብ ስባሪዎችን አወጣ፡፡ ከእነዚህ ውስጥ 13ቱ በልብ ጓዳዎች ውስጥ የነበሩ ናቸው፡፡ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ቁስለኛ አልሞተበትም፡፡

ብረት ወደ ልብ የሚደርሰው በደረት በኩል ብቻ አይደለም፡፡ በእግር ሥር የገባ ጥይት በደም ተገፍቶ ልብ ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ በደረት ሥጋ ውስጥ የተሰበረ የልብስ መርፌም ቀስ በቀስ እየዘለቀ ልብን ሊወጋ ይችላል፡፡ የልብ ሽፋን ሲቈጣ ደረትን ይወጋል፤ ሕመሙ ሰውዬው በጀርባው ሲተኛ ይብሳል፣ ወደ ፊት ጐንበስ ብሎ ሲቀመጥ ጋብ ይላል፡፡ ደም በሽፋኑ ውስጥ ከሞላ ልብን አፍኖ ይገድላል፡፡ አንዳንዱ ብረት ግን ብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፡፡ በጡንቻው ውስጥ ረግቶ ጉዳት የማያመጣውን ሐኪሙ መርምሮ ሊተወው ይችላል፡፡

አንባቢዬ ሆይ፤ አንድ ነገር አጥብቀህ ያዝ፡፡ በሰው ደረት ላይ ካራ ወይም ጦር ተሰክቶ ብታይ አትንቀለው፡፡ ቁስሉን እንደ ውታፍ ደፍኖ ደሙን የያዘው ያው ብረት ሊሆን ይችላልና፣ እንዳይነቃነቅ ደግፈህ ወደ ሐኪም አድርሰው፡፡

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ወጣቱ ዝም አለ፡፡ ከዚያም «የእኔ ጥይት ያለው በትከሻዬ ነው፤ ልቤ ውስጥ ያለው ሌላ ነው፡፡ ወንድሜን የገደለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ስመለስ እከፍለዋለሁ» አለኝ፡፡

«ተወው፣ እርሳው» ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን የገዛ ትምህርቴ ከለከለኝ፡፡ የሚሰፋ ሐኪም በሌለበት መንገድ ላይ ካራ መንቀል ማለት ይህ አይደለምን? የተበደለን ሰው በአንድ ቃል እርሳ የሚል ሰው፣ ደሙን ያፈሰዋል እንጂ አያድነውም፡፡ በሌላ በኩል ቂም እንደዚያ ጥይት ነው፤ በአንድ ስፍራ ገብቶ በሌላ ስፍራ ይገኛል፡፡ ወንድምን በገደለው ላይ የተነሣ ቂም፣ ምንም ባላደረገው በገዳዩ ልጅ ላይ ያርፋል፡፡

ስለዚህ አባቶቻችን ሁለቱ ባለ ደሞች ብቻቸውን ይታረቁ አላሉም፡፡ በአማራው አገር ሽማግሌዎች ገብተው ደም ያደርቃሉ፤ በኑዌሮችም ዘንድ የምድር ካህን የሚሉት አስታራቂ በመካከል ቆሞ ከብት ይከፈላል፣ በሬ ይሠዋል፡፡ ይህም በደልን መካድ አይደለም፤ በደሉ ተነግሮ፣ ተመዝኖ፣ ካሣው ታውቆ ብረቱ የሚወጣበት ጥበብ ነው፡፡ ስፌቱ ግን ይኖራል፤ የተወጋም አይረሳም፡፡

ይህንኑ ነገርሁት፡፡ «ሽማግሌዎቹም እንደ እኔ ስደተኞች ናቸው» አለኝ፡፡ «እንግዲያውስ ሩቅ አይደሉም» አልሁት፡፡ እሺም እንቢም አላለኝም፡፡

አንተም ወጣት ሆይ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሏልና፣ በልብህ የቀረ ብረት ቢኖር ሳይንቀሳቀስ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳይ፡፡