ቁጥር 3 እና ቁጥር 63

ለመሆኑ አንድ ሰው የመኪና እሽቅድምድም ሊያይ ሲወጣ የሚያየው ምንድን ነው? በ1903 ቢሆን አቧራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የውድድሩ ቀን ሜይ 24 ቀን 1903 እሑድ፣ በእኛ ግንቦት 16 ቀን 1895 ላይ ይውላል፤ ከዐድዋ ሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው።) ከፓሪስ እስከ ማድሪድ 1,307 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ታስቦ ቦርዶ ላይ የቆመው ይህ ውድድር «የሞት እሽቅድምድም» የሚል ስም ወጥቶለታል። የተለመደው ትረካ ጥፋቱን ሁሉ በፍጥነት ላይ ይጥላል፦ ሰዎቹ ከልክ በላይ ሮጡ፣ ሞቱ፣ አለቀ። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። በዚያን ቀን አንድ ዓይነት መኪና የነዱ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አንዱ በሰላም ገባ፣ አንዱ አልገባም። ልዩነቱን ፍጥነት ብቻውን አያስረዳውም።

ወንድማማቾቹ ሉዊና ማርሴል ሬኖ ናቸው። አባታቸው የጨርቃ ጨርቅና የአዝራር ነጋዴ ነበሩ። ትንሹ ሉዊ ትምህርቱን ችላ ብሎ፣ ቢያንኩር በሚገኘው የወላጆቹ ግቢ ውስጥ ባለች የዕቃ ቤት ብረት ሲቀጠቅጥ ይውላል። በ1898 መጨረሻ መኪናውን ሠርቶ ጨረሰ። በገና ዋዜማ ሞንማርትር የሚገኘውን ሩ ሌፒክ የተባለ አቀበት ወጣበትና እዚያው ትእዛዝ መቀበል ጀመረ። የፈጠራው ቁም ነገር ካምቢዮው ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ እግር የሚያደርሰው በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ ነበር። ታላላቆቹ ማርሴልና ፈርናን ገንዘባቸውን አወጡና በ1899 «ሬኖ ፍሬር»፣ የሬኖ ወንድማማቾች፣ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ማስታወቂያቸው እሽቅድምድም ሆነ። ሉዊም ማርሴልም ራሳቸው ይነዱ ነበር። በ1902 ከፓሪስ ቪየና በተደረገው ውድድር ማርሴል በቀላል መኪና ትልልቆቹን ቀድሞ ገባ። ከዚያ በኋላ ሬኖን የማያውቅ መኪና ገዢ አልነበረም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ መንግሥት የት ነበር? መንግሥትማ አደጋውን ያውቅ ነበር። በ1901 ከፓሪስ በርሊን ሲሮጥ ሬንስ ከተማ አንድ ልጅ ያለፈውን መኪና ሊያይ መንገድ ውስጥ ገብቶ በሚከተለው መኪና ተገጭቶ ሞቷል። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ውድድር አይደረግም ተብሎ ነበር። ነገር ግን ፈረንሳይ በዚያ ዘመን ከዓለም የመኪና ምርት ግማሽ ያህሉን ታመርታለች፤ ፋብሪካዎቹም በእሽቅድምድም ነው የሚሸጡት። የአውቶሞቢል ክለቡ ጎተጎተ፣ የስፔኑ ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ በበኩላቸው ደገፉ፣ በመጨረሻም የጠቅላይ ሚኒስትር ኤሚል ኮምብ መንግሥት በፌብሩዋሪ 1903 ፈቀደ። የተፈቀደው ግን በባለፋብሪካውና በሚኒስትሩ መካከል ነው። መንገዱ ደጁ ላይ የሚያልፍበትን ገበሬ ማንም አልጠየቀውም።

ሕዝቡስ? ሕዝቡ ወጣ። ቬርሳይ ላይ ብቻ በጊዜው ግምት 100,000 ያህል ሰው ሌሊቱን ሙሉ በብስክሌት፣ በሠረገላ፣ በባቡርና በእግር ተሰበሰበ። እስከ ቦርዶ ባለው 552 ኪሎ ሜትር ዳርና ዳር ደግሞ ሚሊዮኖች ቆመዋል ተብሏል። ወንድም እኅቱን፣ አባት ልጁን ይዞ ነው የወጣው። እሑድ ነው፣ መግቢያ አይከፈልበትም። አብዛኛው ሰው ከፈረስ የፈጠነ ነገር በመንገድ ላይ ሲሄድ አይቶ አያውቅም። ሰው ደግሞ የሚመጣበትን ነገር ርቀት የሚገምተው በለመደው ፍጥነት ነው። በፈረስ ቢሆን ጊዜ ነበረው፤ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚበር ነገር ግን ያ ግምት አይሠራም። በእኛም አገር አውራ ጎዳና ላይ በግና አህያ የሚነዳ ልጅ መኪና ሲመጣ መሀል መንገድ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ ያላየ የለም። የፈረንሳይ ገበሬም ከዚያ የተለየ ነገር አላደረገም። መኪናው ሲመጣ ሕዝቡ እንደ በር ይከፈታል፣ ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ይዘጋል። ቀጣዩ መኪና ግን ከአንድ ደቂቃ በኋላ እየመጣ ነው!

ነገሩ የተጀመረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጃሮት አንደኛ፣ ደ ክኒፍ ሁለተኛ፣ ሉዊ ሬኖ ሦስተኛ ሆነው ወጡ። የሉዊ ቁጥር 3 ነው። የማርሴል ቁጥር 63 ነበር። ከ200 በላይ መኪናና ሞተር ብስክሌት ተራ በተራ ተለቀቀ። ከውድድሩ በፊት ዝናብ ጠፍቶ ስለ ሰነበተ መንገዱ ዱቄት ሆኗል፤ አስፋልትም አልለበሰም ነበር። ሉዊ ብዙም ሳይቆይ ከፊቱ ያሉትን ሁለቱን አለፋቸውና ጥርት ያለ መንገድ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ከፊቱ አቧራ የሚያስነሳ አልነበረም። የእሱን አቧራ የሚበሉት ከኋላው ያሉት ናቸው።

ማርሴል ከኋላው ካሉት አንዱ ነው። በየደቂቃው አንድ መኪና የሚያስነሳው ደመና ውስጥ ገብቶ መንገዱን ለማየት ምንም ዘዴ የለም። ነጂዎቹ በመንገዱ ዳርና ዳር የተተከሉትን ዛፎች ጫፍ ቀና ብለው እያዩ ይመሩ ነበር ይባላል። ዛፎቹ ቀጥ ብለው እስከ ሄዱ ድረስ ይህ ይሠራል፤ መንገዱ ሲታጠፍ ግን ዛፉ የሚነግርህ በጣም ዘግይቶ ነው። ከፑዋቲዬ በስተ ደቡብ፣ ኩዌ ቬራክ በምትባል መንደር፣ ማርሴል ከፊቱ ያለውን የሌዮን ቴሪን መኪና ለማለፍ አቧራው ውስጥ ገባ። መኪናው ቦይ ውስጥ ወድቆ ተገለበጠ። ከሁለት ቀን በኋላ ነፍሱን ሳያውቅ ሞተ። ዕድሜው 31 ነበር።

ሉዊ በዚያን ጊዜ ሩቅ ሄዷል። ከማንም በፊት ቦርዶ የገባው እሱ ነው፣ እኩለ ቀን አካባቢ፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የወንድሙን መጎዳት የሰማው እዚያው ከደረሰ በኋላ ነው። የሬኖ መኪናዎች በሙሉ ከውድድሩ ወጡ።

እንግዲህ ተቃዋሚ የሚያነሣው አንድ ነገር አለ፣ ልደብቀው አልችልም፦ ፈርናን ጋብሪኤል። ይህ ሰው ቁጥሩ 168 ነበር፤ የሁሉንም አቧራ በልቶ፣ በሞርስ መኪናው በ5 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ቦርዶ ገባ፤ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ከሁሉም የፈጠነ። «ታዲያ አቧራው እሱን ለምን አልገደለውም?» ይባል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። አቧራ ሁሉን ይገድላል አላልኩም። ያልኩት ፍጥነትን ብቻ መክሰስ መንገዱን፣ የተራውን አሰጣጥና ፈቃጁን ነጻ ያወጣል ነው። እንዲያውም ከሁሉ የፈጠነው ሰው በሕይወት መግባቱ ጥፋቱ በፍጥነት ብቻ እንዳልመጣ ያሳያል።

የሌሎቹን ሞት አንድ በአንድ መዘርዘር አልፈልግም፤ በድምሩ ቢያንስ ስምንት ሰው ሞቷል ነው የሚባለው። ሎሬይን ባሮው ውሻ መትቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ፤ መካኒኩ ወዲያው ሞተ፣ እሱም ቆይቶ ተከተለው። አንድ ወታደር መንገድ ውስጥ የገባ ሕፃን ሊያድን ሮጦ በመኪና ተመትቶ ሞተ።  በሴቶች በኩል ብቸኛዋ ነጂ ካሚይ ዱ ጋስት፣ ስቴድ የተባለው ተወዳዳሪ መኪናው ተገልብጦ ቆስሎ ስታገኘው ውድድሩን ትታ አጠገቡ ቆመች። በዚህም ብዙ ደረጃ አጣች። ከዚያ ቀን ታሪክ ውስጥ እኔ ደጋግሜ የማነበው ይሄን ነው።

መንግሥት ማታውን ውድድሩን ከለከለ። ማገዱ ሳይሆን አስተጋገዱ ነው የሚገርመው። ሞተር ማስነሣት ጭምር ተከለከለ፤ መኪናዎቹ በፈረስ እየተጎተቱ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄዱና ተጭነው ወደ ፓሪስ ተመለሱ። ጠዋት ፈረሱን የሚያስንቅ ተብሎ የወጣው ሁሉ በፈረስ ተጎትቶ ተመለሰ። በከተማ መካከል አልፎ ከዋና ከተማ ወደ ዋና ከተማ የሚደረገው የአውሮፓ እሽቅድምድም በዚሁ አበቃ።

በ1906 ለ ማን አካባቢ የመጀመሪያው ግራንድ ፕሪ ሲደረግ መንገዱ ዝግ ነበር፤ 103 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው፣ በሁለት ቀን ውስጥ 12 ጊዜ የሚዞሩት። ሕዝቡ በሚበዛበት በኩል አጥር ታጠረ። ሴን ካሌ የተባለችውን ከተማ እንዳይነካ ከሳንቃ የተሠራ ጊዜያዊ መንገድ ተዘረጋ። አቧራውን ለማስቀረት ሬንጅ ፈሰሰ፣ የበጋው ሙቀት ሬንጁን አቀለጠው፣ ሬንጁም የነጂዎቹን ዓይን አቃጠለ። ከሦስት ዓመት በፊት ይህ ሁሉ ማድረግ ይቻል ነበር። ሳንቃው ነበረ፣ አናጢውም ነበረ።

ያንን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው ሬኖ ነው። ሉዊ ግን መሪ አልያዘም፤ ከቦርዶ በኋላ ተወዳድሮ አያውቅም። የነዳው ፌረንስ ሲስ የሚባል የሀንጋሪ ተወላጅ መካኒክ ነው፤ በ1903 በቁጥር 3 ላይ ከሉዊ ጎን የተቀመጠው።