ሰሙ ስም ሲሆን

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑ በሰፊው የታመነ ነው፤ የዘርፉ መጠሪያም ከዚሁ ርእስ የመጣ ነው። መጽሐፉ በኋላ የታወቀው ግን በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ነው። ጦቢያ ደግሞ በሕዝብ አነጋገር ኢትዮጵያ ማለት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ወርቁን ለማውጣት ይቸኩላል። ልጅቱ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ የነጋዴውን ውለታ ለመክፈል ወጥቶ የቀረውን መንታ ወንድሟን ከአባቷ ጋር ስትፈልግ መንከራተቷን የአገር መከራ ነው ይላል። ይሁን እንጂ የመንታዎች መለያየትና ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድ የቆየ የተረት ንድፍ ናቸው፤ ሼክስፒርም በ«አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ተጠቅሞባቸዋል። ስለዚህ ልብሱ ብቻውን የምስጢር ማስረጃ አይሆንም። ጠንከር ያለው ምልክት በጦር የበረታው አረመኔ ንጉሥ በመጨረሻ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ማግባቱ ነው። ስሙ፣ ድርጊቱና ፍጻሜው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክቱት እዚህ ላይ ነው፤ የቅኔ መምህርም ቢጠየቅ ሰሙና ወርቁ ገጠሙ ይል ነበር።

አስቸጋሪው የደራሲው ሕይወት ነው። በ1928 ዓ.ም. በተጀመረው ወረራ ከኢጣልያ ጋር ወገኑ፤ ከነጻነት በኋላም ጅማ በግዞት ሳሉ ሞቱ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ምልክቱን ባዶ ልፍለፋ ሊለው ይዳዳዋል። ነገር ግን በ1900 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ከ28 ዓመት በኋላ ለተሠራ ሥራ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ አይገባም። እርግጥ ነው፣ ደራሲው በዓድዋ ጦርነት ዋዜማም ወደ ኢጣልያ አዘንብለው ነበር፤ ሆኖም ያን ጊዜ ጥለዋት የሄዱት አገር በመጽሐፋቸው ውስጥ የጠፋ ወንድሟን የምትፈልግ ልጅ ሆና ተገኝታለች።