የሃይፐርባሪክ ኦክስጅን ሕክምና ለካንሰር ታማሚዎች፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ሃይፐርባሪክ የኦክስጅን ሕክምና ታማሚው በታሸገ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ከተለመደው የአየር ግፊት ከ2 እስከ 3 እጥፍ በሚደርስ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን የሚተነፍስበት ዘዴ ነው። ካንሰርን አይፈውስም፤ የሚያገለግለው የጨረር ሕክምና ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በመንጋጋ አጥንትና በሽንት ፊኛ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማከም ነው። የጨረር ሕክምና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም የሚሰጥ በመሆኑ ጉዳዩ የአካባቢውን ታማሚዎች ይመለከታል።

ኦክስጅኑ ዕጢውን ያሳድጋል የሚል ስጋት ለዓመታት ሲነሳ ቆይቷል፤ እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች ግን ይህን አላረጋገጡም።

ሕክምናው የጆሮ ሕመም፣ ጊዜያዊ የዕይታ ለውጥና አልፎ አልፎ የሰውነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። በደረቱ ውስጥ ከሳንባው ውጭ አየር የተጠራቀመበት ሰው ይህ ችግር ሳይታከም ወደ ክፍሉ መግባት የለበትም። ብሊዮማይሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የወሰደ ታማሚም ሳንባው ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ኦክስጅን እሳትን ስለሚያባብስ ክብሪትና ላይተር ይዞ መግባት ክልክል ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 እ.ኤ.አ. ሕክምናው ካንሰርን ለመፈወስ እንዳልተፈቀደ አሳስቧል። በዚህ ተስፋ ቡና ሸጦ ያገኙትን ገንዘብ ማውጣትና ሐኪም ያዘዘውን ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር ማቋረጥ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።