ገሕዋ እና አሕዌ

እህቶች፣ አማን ውስጥ ቡና ሁለት ስም አለው። ማዳም «አሕዌ» ስትል ባልዋ «ገሕዋ» ይላል። አዲስ የመጣች ልጅ ሁለት የተለያየ ነገር የታዘዘች ይመስላታል፣ ቡናው ግን አንድ ነው። የሚለያየው «ቃፍ» የሚሉት ፊደል ነው፣ የእኛ «ቀ» ማለት ነው። ሲጻፍ «ቀሕዋ» ነው፣ በአፍ ግን አንዱ «ገ» ያደርገዋል፣ አንዱ ውጦት «አ» ይላል። ሱቅ ገብተን ዋጋ ስንጠይቅም «ገዴሽ» ወይም «አዴሽ» ነው።

ይሄ ዝም ብሎ የአፍ ልማድ አይደለም፣ የከተማው ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አማን የጥንት ከተማ ናት፣ መሃል ከተማ ያለው የድንጋይ ቲያትር የሮማውያን ነው። በኋላ ግን ለብዙ ዘመን ፍርስራሽ ሆና ቀረች። በ1878 መጥተው የሰፈሩባት ከሩሲያ ጦር የሸሹ ቸርከሶች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ አረብ አይደሉም። በ1921 አሚር አብደላህ መንግሥት ሲመሠርት እንኳ ገና ትንሽ ነበረች። ይሄ የኛ ጀበል አል-ወይብደህም ነጋዴውና ሹሙ ቤት የሠራበት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1948 እና በ1967 ጦርነት ደግሞ ፍልስጤማውያን በመቶ ሺዎች ተፈናቅለው መጡ።

«ገ» የዮርዳኖስ ጎሳዎች አነጋገር ነው። «አ» ከናብሉስ፣ ከኢየሩሳሌም፣ ከያፋ የመጡት የከተማ ሰዎች ነው። የፍልስጤም ገበሬ «ከ» ይል ነበር፣ ልጆቹ ግን ባላገር እንዳይባሉ ብዙዎቹ ተዉት። (ይሄን እኛም አገር እናውቀዋለን፣ አዲስ አበባ የገባ ሁሉ የአገሩን አነጋገር ይደብቅ የለ?)

ከዚያ ነገሩ ተደበላለቀ። በ1970 ሠራዊቱና የፍልስጤም ታጣቂዎች ከተዋጉ በኋላ «ገ» የወታደር፣ የመንግሥት፣ የወንድ ድምፅ ሆነ። አባቱ «አ» የሚል ልጅ ከጓደኞቹ ጋር «ገ» ማለት ጀመረ። የ«ገ» ቤት ሴቶች ልጆች ደግሞ የከተማ ሴት አነጋገር ነው ብለው «አ»ን ያዙ። ስለዚህ ልጁ እናቱን በ«አ» ሲያናግር ቆይቶ ስልክ ሲያነሳ «ገ» ቢል አትገረሙ።

ፊታቸው አይፈታም የምንለውንም ራሳቸው ያውቁታል። «ከሽራ» ይሉታል፣ ይቀልዱበታልም። የተቆጣ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ አልተቆጣም፣ ቀልዱንም ሳይስቅ ነው የሚያወራው። ሠዓሊው ኢማድ ሐጃጅ በጋዜጣ የሚሥለው አቡ ማሕጁብ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ባለ ሪዝ፣ ራሱ ላይ ሽማግ፣ አንገቱ ላይ ክራቫት፣ ሥራው በኑሮና በሹማምንት ላይ ማማረር።

እኔ ከቃላቸው ሁሉ የምወደው «ያዕጢኪ ል-ዓፍዬ» የሚለውን ነው። ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚባል ነው፣ ጤናና ብርታት ይስጥሽ እንደማለት። ታክሲ ነጂውም፣ ጠራጊውም ይባላል። እኛን ግን የሚለን ጥቂት ነው። «ሐበሺየ» ይሉናል፣ በብዙ ሰው አፍ ትርጉሙ አገር መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛ ሆኗል። እነዚሁ ሰዎች ቢላል አል-ሐበሺን በክብር ያነሳሉ፣ የነቢዩን ተከታዮች ያስጠጋውን ነጃሺንም ያመሰግናሉ። ያው አንድ ቃል ነው! «ኻዲመ» የሚለውም አለ፣ አገልጋይ ማለት ነው። ሕጉ ግን እንደዛ አይልም። በ2008 የዮርዳኖስ የሠራተኛ ሕግ ሲሻሻል የቤት ሠራተኛም ገባችበት፣ በ2009 የወጣው ደንብም በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አላት ይላል። እዚያ ላይ ስማችን «ዓሚለ» ነው፣ ሠራተኛ። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ዕረፍት ስትነጋገሩ ትጠቅማለች።

ከኛም አፍ የሚወስዱት አለ። የምሠራበት ቤት ልጆች፣ ወንዱም ሴቷም፣ «እሺ» ማለት ለምደዋል። ቃፍ የለባትም፣ ሁለቱም እኩል ነው የሚሏት።