ከራስ በፊት እግር

ሰውን ቀጥ አድርጎ ያቆመው የአንጎሉ ማደግ ነው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ሲያሳምን ኖሯል። በ1905 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተገኘ የተባለው የፒልትዳውን ቅሪት ይህንኑ ያጸና መስሎ ነበር፤ ትልቅ የሰው ራስ ቅል ከዝንጀሮ መሰል መንጋጋ ጋር ቀርቧልና። በ1917 ዓ.ም. ሬይመንድ ዳርት ከደቡብ አፍሪካ ያስተዋወቁት የታውንግ ሕፃን ግን ተቃራኒውን አመለከተ። አንጎሉ ትንሽ ሲሆን የሕብለ ሠረሠሩ መውጫ ቀዳዳ ወደ ፊት የተጠጋ በመሆኑ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበረ ዳርት አስረዱ፤ ብዙዎች ግን አልተቀበሏቸውም። በ1946 ዓ.ም. የፒልትዳውን መንጋጋ የኦራንጉታን መሆኑና ነገሩ ሁሉ ማጭበርበር መሆኑ ተረጋገጠ።

ይበልጥ የተሟላው ማስረጃ የተገኘው ከአዋሽ ሸለቆ ነው። በ1966 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰን ሐዳር ላይ አንድ የጉልበት መጋጠሚያ አገኙ። የቺምፓንዚ ጭን አጥንት ወደ ጉልበት ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ እንስሳው በሁለት እግሩ ሲሄድ ገላውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። የሐዳሩ ጭን አጥንት ግን እንደ እኛው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ አንዱ እግር ሲነሣ ሌላው ከክብደቱ ማዕከል ሥር ያርፋል፤ ይኸውም ምሰሶን ከጭነቱ ሥር እንደ ማቆም ነው።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እዚያው የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ጉዳዩን አጎላችው። ዳሌዋ አጭርና ሰፊ በመሆኑ የጎን ጡንቻዎች በአንድ እግር የቆመውን ገላ ሳያጋድል ይይዙታል። የወገኖቿ አንጎል ግን ከእኛ ሢሶ ያህል ብቻ ነበር። በ1970 ዓ.ም. በታንዛኒያ፣ ላኤቶሊ፣ የሜሪ ሊኪ ቡድን በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ያገኘው 3.66 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ዱካም አረማመዱን መሰከረ።

በ1987 ዓ.ም. በአራሚስ የተገኘችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ ደግሞ ታሪኩን ወደ ኋላ ወሰደችው። የእግሯ አውራ ጣት ቅርንጫፍ ለመጨበጥ ወደ ጎን የወጣ ሲሆን፣ የዳሌዋ የላይኛው ክፍል ግን በሁለት እግር ለመሄድ የተስማማ መሆኑን አጥኚዎቿ በ2002 ዓ.ም. አስታወቁ። መኖሪያዋም ዛፍ የበዛበት ስፍራ ነበር።

ትልቁ አንጎል እንግዲህ አስቀድሞ በቆመ አካል ላይ ዘግይቶ የመጣ ጭነት ነው። ለመራመድ በተበጀ ዳሌ መካከል ትልቅ ጭንቅላት የሚያልፍበት የእናቶች ምጥ ዛሬም የዚህ ቅደም ተከተል ዋጋ ነው።